የደሴ ፒስተን ቀሚሴ ሲወርድ

ይህን የምጽፈው የሞተር መጋዙን ፒስተን ሞርዶ ወይም አስሞርዶ ጉልበት ሊጨምር ለሚያስብ ሰው ነው። «አትንኩት» ልል አልተነሣሁም፤ አሁን የምሠራበት መጋዝ ውስጥ ያለው ፒስተን ራሱ የተሞረደ ነው። ይሁን እንጂ እዚህ እስክደርስ ሌሎች ፒስተኖች ተበላሽተዋል፤ አንድ ሲሊንደርም ላይጠገን ተጥሏል። የተበላሹበት ምክንያት አንድ ዓይነት አልነበረም። አንደኛው የሞረድ ጣጣ ነው። ሌላው የደጋና የቆላ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህኛው አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሰው ስላላጋጠመኝ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ሥራዬ እንጨት ነው። በኩታበርና በቦሩ ሜዳ አካባቢ ባሕር ዛፍ ከገበሬ እንደቆመ እገዛለሁ፤ ቆርጬ ቀጭኑን ለአጣና፣ ወፍራሙን ለጣውላ ደሴ አምጥቼ እሸጣለሁ። መጋዜ 60 ሲሲ ገደማ ሞተር አለው፤ መመሪያው 4.5 የፈረስ ጉልበት ይላል። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ግን ሞተሩን የለኩት ደሴ ላይ አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ በአንድ ጊዜ የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል፤ ሊያቃጥለው የሚችለው ነዳጅም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በግምት በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛው ይሄዳል። ስለዚህ የእኔ 4.5 የፈረስ ጉልበት እዚህ 3.4 ቢሆን ነው። መጋዙ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ መሃል ሲደርስ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በእግሩ እንደሚወጣ የቆላ ሰው ያለከልካል፤ ትንሽ ጫን ካልኩት ቀጥ ይላል።

ይህን ብሶቴን ደሴ ውስጥ ላለ አንድ ጥገና ቤት ስነግር «ፒስተኑን እናቃልልልህ፤ ያኔ መጋዝህን አታውቀውም» አሉኝ። ነገሩ ሲነገር ልክ ይመስላል። ቀላል ፒስተን ቶሎ ይመላለሳል፤ አጠር ያለ ፒስተን ብዙ አየር ያስገባል። ሁለቱም አባባል ውስጥ እውነት አለ። ችግሩ የቱ ጎን ይጠር የሚለው ላይ ነው። ይህን ለመረዳት ሞተሩ እንዴት እንደሚተነፍስ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ታገሡኝ።

የመጋዝ ሞተር ባለሁለት ምት ነው። እንደ መኪና ሞተር የተለየ ቫልቭ የለውም፤ የቫልቩን ሥራ የሚሠራው ፒስተኑ ራሱ ነው። የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ቀዳዳዎች አሉ። በአንድ በኩል ከካርቡራቶር የሚመጣው የመግቢያ ቀዳዳ አለ። በትይዩው ወደ ማርሚታ የሚያስወጣው የጭስ መውጫ አለ። በግራና በቀኝ ደግሞ የቤንዚኑንና የአየሩን ድብልቅ፣ ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ ማለትም ኮሎው ካለበት ከታችኛው ክፍል ወደ ላይ የሚያሻግሩ መተላለፊያዎች አሉ። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ እነዚህን በየተራ ይከፍታል፣ ይዘጋል። የጭስ መውጫውንና መተላለፊያዎቹን የሚከፍተው የላይኛው ጠርዙ ነው። የመግቢያውን ቀዳዳ የሚከፍተው ግን የታችኛው ጠርዝ ነው፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ ይገልጠዋል። ይህ ሁሉ በደቂቃ 13,000 ዙር በሚሽከረከር ሞተር ውስጥ በአንድ ሰከንድ ከ200 ጊዜ በላይ ይደጋገማል።

እንግዲህ በመግቢያው በኩል ከታችኛው ጠርዝ ላይ 1 ሚሊሜትር ብትቀንሱ ቀዳዳው ቀድሞ ይከፈታል፣ ዘግይቶም ይዘጋል። ሞተሩ ለመሳብ ረዘም ያለ ጊዜ ያገኛል። በጭስ መውጫው በኩል ያለው የታችኛው ጠርዝ ግን ሌላ ኃላፊነት አለበት። ፒስተኑ ጫፍ በሚደርስበት ጊዜ የጭስ መውጫውን ከላይ እስከ ታች ሸፍኖ መቆም አለበት። ካልሸፈነው በፒስተኑ ሥር ክፍተት ይፈጠርና የታችኛው ክፍል ከማርሚታው ጋር ይገናኛል። ያኔ ንጹሕ ድብልቅ ከካርቡራቶር መሳብ ያለበት ክፍል ከማርሚታ ጭስ ይስባል።

ጥገና ቤቱ ፒስተኔን የሞረደው ዙሪያውን ነው። እኩል፣ ልሙጥ፣ ለዓይን የሚያምር ሥራ ነበር። መጋዙ ግን ከዚያ በኋላ መጋዝ አልሆነም። ገመዱን ስንት ጊዜ ከሳብኩት በኋላ ይነሣል፣ ጋዝ ስለቅለት ይጠፋል፣ ጋዝ ስሰጠው ይጮሃል፣ እንጨት ሲነካ ደግሞ ይሰንፋል። የአየር ፊልትሮው በቤንዚን ይርሳል። እነሱም ካንዴላ ቀየሩ፣ ብሎን ጠመዘዙ፣ በመጨረሻ «ካርቡራቶሩ አርጅቷል፤ አዲስ ግዛ» አሉኝ። ሞተሩ ሳይነካ ጤነኛ የነበረ ካርቡራቶር ፒስተን በተሞረደ ማግስት አያረጅም። እናንተም ተመሳሳይ ነገር ከተባላችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።

ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩ። እዚያ ለፋብሪካ ሰዎች የቶርኖ ሥራ የሚሠሩ አንድ አዛውንት አሉ፤ የሁለት ምት ሞተር ሲነሣ የእሳቸው ስም የማይጠራበት ጊዜ የለም። ሞተሩን ሳይፈቱ መጀመሪያ ማርሚታውን ብቻ አወለቁ። ገመዱን ቀስ አድርገው እየሳቡ ፒስተኑን ጫፍ አደረሱና በጭስ መውጫው ቀዳዳ አዩ። ከዚያ ለእኔም ሰጡኝ።

«ከሥሩ ምን ይታይሃል?»

«ጨለማ ነው፣ ጋሼ።»

«ጨለማ መታየት አልነበረበትም። የፒስተኑ ግድግዳ ነበር መታየት ያለበት። የምታየው የኮሎውን ቤት ነው። ማን ነው ይህን የሞረደው?»

ነገርኳቸው። ስለ ጥገና ቤቱ ምንም አላሉም። ፒስተኑን አውጥተው አናቱ ላይ ያለችውን ቀስት አሳዩኝ። «ይህች ቀስት ሁልጊዜ ወደ ማርሚታ ትዞራለች። እሷ የዞረችበትን ጎን ሞረድ አይነካውም። በቃ። አብሽር፣ ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው፤ አዲስ ፒስተን ገዝተህ ና።»

ይህን በማርሚታው ቀዳዳ የማየት ዘዴ ከሁሉ በፊት ያዙልኝ። የሚፈልገው አንድ መፍቻና አንድ የእጅ ባትሪ ብቻ ነው። ሰው የሞረደውን መጋዝ ስትገዙም፣ ከጥገና ቤት ስትረከቡም፣ ከመክፈላችሁ በፊት ማርሚታውን አውልቁና እዩ። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሆኖ በሥሩ ክፍተት ከታየ መጋዙን አትረከቡ።

አዲሱን ፒስተን ይዤ ስመለስ ወዲያው ይሞርዱልኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ሰንሰለቱን አሳየኝ» አሉ። የጥርሶቹ ርዝመት የተለያየ ነበር፤ በአንዱ ወገን ያሉት ከሌላው ያጠሩ ስለሆነ መጋዙ ግንዱን ጎንበስ እያለ ይቆርጥ ነበር። ከየጥርሱ ፊት ያለችው ጉብታ ደግሞ ከጥርሱ እኩል ሆናለች፤ ያ ማለት ጥርሱ እንጨቱን ይነካዋል እንጂ አይነክሰውም። የማርሚታው የእሳት ብልጭታ መከላከያ ወንፊት በጥላሸት ተደፍኗል። የአየር ፊልትሮው ላይ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ዱቄት ተጋግሯል። በበጋ ቦሩ ሜዳ ላይ የሠራ ሰው ያንን አቧራ ያውቀዋል። ሰንሰለቱ ተሞረደ፣ ወንፊቱ በእሳት ተቃጥሎ ተቦረሸ፣ ፊልትሮው ታጠበ፤ ፒስተኑ ግን ምንም ሳይነካ ከሳጥኑ እንደወጣ ገባ። ያ መጋዝ ከዚያ በፊት በእጄ ይዤ ከማውቀው ሁሉ የተሻለ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ከፒስተን ሞረዳ የፈለግሁትን አብዛኛውን ነገር ያገኘሁት እዚያ ነው፤ እልኸኛ ባልሆን ኖሮ እዚያው አቆም ነበር።

እልኸኛ ነኝ። ስለዚህ ትንሽ ከሠራሁበት በኋላ ተመልሼ ሄድኩና «አሁንስ ጋሼ?» አልኳቸው። ሳቁብኝና ጀመሩ። የሠሩትን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ እርምጃ ቀጣዩን ይነካል።

መጀመሪያ በፒስተኑ አናትና በሲሊንደሩ ጣሪያ ዳር መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። የሬዲዮ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን ለስላሳ የብየዳ ሽቦ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብተው ጫፉ የሲሊንደሩን ግድግዳ እንዲነካ ያደርጉታል፤ ሞተሩን አንድ ጊዜ በእጅ ያዞሩትና የተጨፈለቀውን ጫፍ በካሊፐር ይለኩታል። ሽቦው መግባት ያለበት በስፒኖቱ፣ ማለትም ፒስተኑን አቋርጦ በሚያልፈው ዘንግ አቅጣጫ፣ በግራና በቀኝ ነው። በፊትና በኋላ ከሆነ ፒስተኑ ይወዛወዝና ልኬቱ ይዋሻል። የእኔው 1 ሚሊሜትር ሆነ። ከሲሊንደሩ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። እሱን አውጥቶ በምትኩ ሙቀት የሚችል ማጣበቂያ ስስ አድርጎ መቀባት ክፍተቱን ወደ 0.5 ያወርደዋል፤ ኮምፕሬሽኑም ይጨምራል። ከዚያ በታች አትውረዱ። ሞተሩ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሽከረከር ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ቤላ በጥቂቱ ይሳባል፣ ኩሽኔታዎቹም ልቅነት አላቸው፤ በእጅ ሲዞር የማይነካ ፒስተን በ13,000 ዙር ጣሪያውን ሊመታ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ሲሊንደሩ በ0.5 ሚሊሜትር ዝቅ ሲል ቀዳዳዎቹ ሁሉ አብረው ዝቅ ይላሉ። የጭስ መውጫውም የታችኛው ጫፍ ወረደ ማለት ነው። ያልተሞረደ ፒስተን እንኳን አሁን ላይሸፍነው ይችላል። ስለዚህ ጓርኒሲዮኑ ከወጣ በኋላ በማርሚታው ቀዳዳ የማየቱ ፍተሻ እንደገና መደረግ አለበት። የእኔው ሸፍኖ ጥቂት ተረፈው። የመግቢያው ቀዳዳም ዝቅ ስላለ ምንም ሳይሞረድ ቀደም ብሎ መከፈት ጀምሯል። ስለዚህ ጓርኒሲዮን ያወጣ ሰው በመግቢያው በኩል የሚሞርደውን መቀነስ አለበት።

ሦስተኛው ሞረዱ ነው። በመግቢያው በኩል ብቻ፣ 1 ሚሊሜትር፣ ከዚያ አላለፉም። ጠርዙን በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት፤ ስለታም ጠርዝ የሲሊንደሩን ልባስ ይፍቃል። ፒስተኑን በቤንዚን ደጋግመው አጠቡት፤ አንዲት የአልሙኒየም ብናኝ ብትቀር ኩሽኔታ ውስጥ ገብታ ኩሽኔታውን ታበላሻለች። «2 ሚሊሜትር ብናደርገውስ?» ብዬ ነበር። ብዙ ከተቆረጠ የሳበውን ድብልቅ በዝቅተኛ ዙር መልሶ በካርቡራቶር በኩል ይተፋዋል፣ ጋዝ ሲለቀቅ አይቆምም፣ ፒስተኑም የሚደገፍበት ግድግዳ አጥሮበት ይወዛወዛል። ፊልትሮው በቤንዚን የሚርሰው መጋዝ አብዛኛውን ጊዜ ይህ በሽታ አለበት።

መግጠሙን በአጭሩ ልለፈው። ፒስተኑን የከበበው ቀለበት፣ የፋሻው፣ ጫፎች ፒስተኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ሚስማር አቅፈው ይቀመጡ፤ ቀስቷ ወደ ማርሚታ ትዙር፤ ስፒኖቱን የሚይዙት የሽቦ ቀለበቶች ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ። አሮጌ ቀለበት ተስፈንጥሮ ሲሊንደር የበላበት ሞተር አይቻለሁ፤ ቀለበቱ ከሞተሩ ሁሉ ርካሹ ዕቃ ነው።

ያ መጋዝ ደሴ ላይ ግሩም ሆነ። ገመዱ ሲሳብ ከበደ፤ ሞተሩ ግን በወፍራም ግንድ ውስጥ ድምፁን ሳይቀንስ ማለፍ ጀመረ። ካርቡራቶሩን እዚሁ ደሴ አስተካከልኩት። ኤች የሚል ፊደል ያለበትን ብሎን በካቻቢቴ እያጠበብኩ ጥሩ እስኪጎትት አመጣሁት። በስስ አየር ውስጥ የሚሠራ ሞተር የሚፈልገው ቤንዚን ያነሰ ስለሆነ ብሎኑ ፋብሪካው ካስቀመጠው ጠበብ ማለቱ ልክ ነበር። ልክ ነበር፤ ለደሴ።

ከዚያ ሸሪኬ ቀሚሴ ሥራ አገኘ። በቦርከና ዳር ጎርፍ የጣላቸው ወፋፍራም ግራሮች ነበሩ፤ ባለቤቱ ፈቃዱን ጨርሶ ሰው ይፈልግ ነበር። መጋዙን ይዞ ወረደ። ረፋድ ላይ ደወለልኝ። «መጋዙን ዛሬ ምን ነካው? እንዲህ ጮኾ አያውቅም! ግራሩን ምንም ሳይመስለው እየጨረሰው ነው» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ እንደገና ደወለ። ረጅም ቁራጭ ጨርሶ ጋዙን ሲለቅ ሞተሩ ባለበት ቀጥ ብሏል፤ ገመዱም አልንቀሳቀስ ብሎታል። ሸሪኬ ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ የነገረውም ሰው አልነበረም።

ሲፈታ ፒስተኑ በጭስ መውጫው በኩል ተፍቆ፣ ቀልጦ፣ ሲሊንደሩ ላይ ተለጥፏል። በመግቢያው በኩል ያለው ግን ንጹሕ ነው። የካንዴላው ጫፍ ነጭ ሆኗል። የኮምቦልቻው ጋሼ ፒስተኑን አንድ ጊዜ አገላብጠው አዩና «ካርቡራቶሩን የት ሆነህ ነው ያስተካከልከው?» ብለው ጠየቁ። «ደሴ» ስል ራሳቸውን ነቀነቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀሚሴ 1,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከደሴ በ1,000 ሜትር ያህል ትወርዳለች፤ አየሯም ከደሴ አየር በ10 በመቶ ገደማ ይወፍራል። ለስስ አየር የተጠበበው ብሎን የሚያሳልፈው ቤንዚን ለወፍራሙ አየር አይበቃም። ድብልቁ ቤንዚን ያጥረዋል፤ ቤንዚን ሲያጥረው ዘይትም ያጥረዋል፣ ምክንያቱም በሁለት ምት ሞተር ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ቤንዚን ያጠረው ሞተር በዚያው ጊዜ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ዙሩም ይጨምራል። ሸሪኬ የሰማው ጩኸት ይህ ነው። ሙቀቱ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚከማቸው በጭስ መውጫው በኩል ነው፤ አልሙኒየሙ ፒስተን ከሲሊንደሩ ይልቅ በሙቀት ያብጣል፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በሚሊሜትር መቶኛ የሚለካ ነው፤ ያ ክፍተት ሲያልቅ ፒስተኑ ይጣበቃል። ፒስተኑ የተሞረደና ኮምፕሬሽኑ የጨመረ ሞተር መጀመሪያውኑ ስለሚሞቅ የሚተርፈው ዕድል ከሌላው ያንሳል። ያልተሞረደ መጋዝ ቀሚሴ ላይ ምናልባት ቀኑን ይጨርስ ነበር።

ስለ ኮምፕሬሽን መለኪያም አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ላይ መለኪያ ሰክታችሁ ቁጥሩ ዝቅ ቢል ሞተሩ ደክሟል ብላችሁ አትደምድሙ። ስስ አየር ሲጨመቅ የሚሰጠው ግፊትም ያነሰ ነው፤ ያው ሞተር ቀሚሴ ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። ደሴ ላይ ቁጥሩን ለማሳመር ክፍተቱን ከልክ በላይ ያጠበበ ሰው ቆላ ሲወርድ ያልጠበቀው ግፊት ይጠብቀዋል።

የተበላሸ ፒስተን በእጃችሁ ካለ ከመጣላችሁ በፊት አንብቡት። በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከተፋቀ ቤንዚን አጥሮት በሙቀት የሞተ ነው፤ ወይ ብሎኑ ጠቧል፣ ወይ ከካርቡራቶሩ በኋላ ባለው ጎማ ወይም በኮሎው ዘይት መከላከያ በኩል አየር ይገባል። በሁሉም በኩል ከተፋቀ ዘይት የሌለበት ቤንዚን ተቀድቶበታል። በመግቢያው በኩል ብቻ ደብዝዞ ከተቧጨረ ፊልትሮው አቧራ አሳልፏል። ምክንያቱን ሳታውቁ አዲስ ፒስተን ብትገጥሙ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ሲሊንደሩን ደግሞ በጥፍራችሁ ዳስሱት። የተለጠፈው የፒስተኑ አልሙኒየም ብቻ ከሆነ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት በትዕግሥት ይነሣል። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ግን ጠንካራው ልባስ አልፏል ማለት ነው፤ እንደ መኪና ሲሊንደር ተቦርቡሮ ሰፊ ፒስተን አይገባለትም። የእኔው ጥፍር ያዘ።

በሦስተኛው ፒስተን ላይ የተደረገው የሞረድ ሥራ ከሁለተኛው አይለይም። የተለወጠው አጠቃቀሙ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ፣ ቀሚሴ ወይም ባቲ የሚወርድ መጋዝ ከመነሣቱ በፊት የኤች ብሎኑ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ መክፈቻው አቅጣጫ፣ የአንድ ዙር ስምንተኛ ያህል ይከፈታል። እዚያ ሲደርስ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ በጆሮ ይስተካከላል። ከእንጨት ውጭ ሙሉ ጋዝ ስትሰጡት ድምፁ ትንሽ መንተባተብ አለበት፤ እንጨት ውስጥ ገብቶ ሲጫን ደግሞ መጥራት አለበት። ከእንጨት ውጭም ጥርት ብሎ ከጮኸ ጠቧል፤ ወዲያው ክፈቱለት። እንጨት ውስጥም ከተንተባተበ በዝቷል፤ ይጨሳል፣ ጉልበትም ያጣል፣ ሞተር ግን አይገድልም። ስትጠራጠሩ ወደዚህኛው አዘንብሉ። ፊልትሮው ቆሻሻ ሆኖ ወይም ሰንሰለቱ ደንዞ አታስተካክሉ፤ ፊልትሮው በጸዳ ማግስት ያስተካከላችሁት ሁሉ ይዛባል። የዙር መለኪያ ያለው ሰው መመሪያው ላይ ካለው ከፍተኛ ዙር አይለፍ። በመጋዙ እጀታ ላይ «ደሴ» የሚል የፕላስተር ቁራጭ ለጥፌበታለሁ፤ የሚዋሰው ሰው ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ሳይጠይቀኝ አይወስደውም። ካርቡራቶራቸው በኤሌክትሮኒክስ ራሱን የሚያስተካክል አዳዲስ መጋዞች አሉ፤ ለእነሱ ይህ ጭንቀት አይመለከታቸውም።

ዘይቱን በመገመት አትቀላቅሉ። 1 ለ50 ማለት ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊሊትር፣ ለ5 ሊትር 100 ሚሊሊትር ዘይት ነው። 1 ለ25 ደግሞ የዚህ እጥፍ ነው። የስቲል መመሪያ ለራሱ ዘይት 1 ለ50፣ ለሌላ የሁለት ምት ዘይት 1 ለ25 ይላል። እኔ ገበያ ላይ ባገኘሁት ዘይት ስሠራ ወደ 1 ለ25 እጠጋለሁ። በመሃል ገብቶ «ዘይት ሲበዛ ሞተር ያበላሻል» የሚል ሰው አይጠፋም። ጭስ ያበዛል፣ ካንዴላ ያቆሽሻል፤ እስካሁን ዘይት በዝቶበት የተጣበቀ ፒስተን ግን አላየሁም። የመኪና ዘይት ግን በምንም ዓይነት አትቀላቅሉ፤ ተቃጥሎ እንዲጠፋ የተሠራ አይደለም።

አሁን ሰው ፒስተን ይዞ እየመጣ ይጠይቀኛል። ከሁሉ የሚበዛው ጥያቄ «ከውስጥ ፍቀህ አቅልልልኝ» የሚል ነው። አልሠራውም። የፒስተኑ አናት ከታች በኩል ከሳሳ ሙቀቱን ወደ ግድግዳው ማስተላለፍ ያቅተውና መሃሉ ይበሳል። ከዚህም ሌላ ኮሎው የተመዛዘነው ለፋብሪካው ፒስተን ክብደት ነው፤ ፒስተኑ ሲቀልል ንዝረቱ ይለወጣል፣ እጅ ያደነዝዛል። የአናቱን ዳር በቶርኖ ዝቅ አድርጎ መሃሉን ጉብ ማድረግም አለ። ሲሊንደሩን የበለጠ ዝቅ ለማድረግ ይረዳል፤ ግን የላይኛው ጠርዝ ስለሚወርድ የጭስ መውጫውም የመተላለፊያዎቹም የመከፈቻ ሰዓት ይለወጣል፣ ከፋሻው በላይ ያለው ግድግዳም ይሳሳል። የኮምቦልቻው ጋሼ ቶርኖ እያላቸው እንኳን «ለእንጀራ ለሚሠራ መጋዝ አይሆንም» ብለው አልነኩልኝም። ለውድድር ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ጉልበት የጨመረ መጋዝ ሰንሰለቱም ፈጥኖ ይሄዳል፤ በድንገት ወደ ኋላ ሲዘልም ኃይሉ ይበረታል። የሰንሰለቱ ፍሬን የማይሠራ ከሆነ ፒስተኑን ከመንካታችሁ በፊት እሱን አሠሩ። ጆሮም ሸፍኑ።

አዲስ ፒስተን የገባበት ሞተር ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ታንከሮች የኤች ብሎኑ ከተለመደው ትንሽ ከፈት ብሎ፣ ዘይቱ በ1 ለ25 ተቀላቅሎ ይሥራ። ቀጫጭን እንጨት ቁረጡበት፤ ሙሉ ጋዝ ይዛችሁ ባዶውን አታስጩኹት፣ ረጅም ቁራጭም አታስይዙት። ወፍራም ግንድ ከጨረሳችሁ በኋላ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት፤ ጋዝ ለቃችሁ ጥቂት ይተንፍስ። ከመጀመሪያው ቀን ሥራ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሲሊንደሩንና የማርሚታውን ብሎኖች እንደገና ፈትሹ፤ በተለይ ጓርኒሲዮኑ የወጣ ከሆነ በሲሊንደሩ ሥር ዙሪያውን በጣታችሁ ዳስሱና የዘይት እርጥበት መኖሩን እዩ። እርጥበት ካለ እዚያ አየር ይገባል፤ ብሎን በማጥበቅ ካልቆመ ሲሊንደሩን አውርዳችሁ ማጣበቂያውን እንደ አዲስ ቀቡት።